የገበጣ ሕግ አስቀድሞ ይነገር



ለልምምድ ማስተማር አያት በሚገኝ አንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ተመድቤ ነበር። በዕረፍት ሰዓት ሁለት ልጆች በገበጣ ተጣሉና ዳኝነት ጠየቁኝ። እኔም ሳልመረምር በሰፈሬ ሕግ ፈረድኩ፤ ከገጠር በቅርቡ የመጣችውን ልጅ «ተሳስተሻል» አልኳት። ከዚያ ወዲህ በሒሳብ ክፍለ ጊዜዬ እጇን ማውጣት ተወች። ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝ ይኸው ነው።

የጠቡን ምንጭ በምሳሌ እንየው። ባለ ሁለት ረድፉ ገበጣ 12 ጉድጓድ አለው፤ በየጉድጓዱ 4 ጠጠር ቢገባ 48 ይሆናል። የራሳችንን ወገን ከግራ ወደ ቀኝ ከ1 እስከ 6፣ የባላጋራችንን ከቀኝ ወደ ግራ ከ7 እስከ 12 እንቁጠር። ከ1ኛው አራቱን አንስተን አንድ አንድ ብናድል የመጨረሻው ጠጠር 5ኛው ላይ ያርፋል።

ጣጣው ታዲያ እዚህ ላይ ነው። ልጁ «ተራሽ አለቀ» ይላል። ልጅቷ ግን «ጠጠር ያለበት ላይ ስላረፈ አንስቼ እቀጥላለሁ፤ የማቆመው ባዶ ላይ ሲያርፍ ነው» ትላለች። በእሷ ሕግ ከ5ኛው 5፣ ከ10ኛው 5፣ ከ3ኛው 6፣ ከ9ኛው 6 ይነሳና መጨረሻው ባዶ ሆኖ በቆየው 3ኛው ላይ ያበቃል። በአንዱ ሕግ 4 ጠጠር፣ በሌላው 26 ጠጠር ታደለ ማለት ነው። ያጭበረበረ ግን የለም።

ገበጣ እኮ አንድ ሕግ ብቻ የለውም። ባለ ሦስት ረድፍም አለ። ሪቻርድ ፓንክረስት እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1971 ባወጡት ጥናት ከየአካባቢው ብዙ ዓይነት አሰባስበዋል።

ስለሆነም ጨዋታው ሳይጀመር የሚከተሉት ይወሰኑ፤

1ኛ/ ረድፉና የጠጠሩ ብዛት ስንት ነው?
2ኛ/ እደላው በየት በኩል ይዞራል?
3ኛ/ ጠጠር ያለበት ላይ ሲያርፍ ይቀጠላል ወይስ ይቆማል?
4ኛ/ በራስ ወገን ባዶ ላይ ሲያርፍ የፊት ለፊቱ ይበላል ወይስ አይበላም?

በመጨረሻው ሳምንት ልጅቷን ይቅርታ ጠይቄ ሕጓን ሰሌዳ ላይ እንድታሳየን ለመንኳት። መጀመሪያ አፈረች፤ ኋላ ግን 26ቱንም ቆጥራ አሳየችን። እኔ ራሴ ሁለት ጊዜ ተሳስቼ እሷ አረመችኝ።

መምህር ከመፍረዱ በፊት «እናንተ ጋ እንዴት ነው የሚጫወቱት?» ብሎ ይጠይቅ።