«እዚህ ነኝ» በል፤ ሌላ አትበል

ልጄ፣ ሞተር ገዛህ ሲባል ብዙ ሰው መክሮሃል። አንዱ ስለ ነዳጁ፣ ሌላው ስለ መለዋወጫው፣ እናትህ ደግሞ ስለ ሄልሜቱ። ስለ ፊት መብራቱ ግን ያነሳልህ የለም። እኔ ከሻሸመኔ በሐላባ ቁሊቶ አድርጎ ወላይታ ሶዶ የሚወስደውን መንገድ በሞተር ስመላለስበት ነው ዕድሜዬ የሄደው። በዚያ መንገድ ሹፌር ከሹፌር፣ ሞተረኛ ከሹፌር በመብራት ይነጋገራል። የተግባቡ ይመስላቸዋል፤ ብዙ ጊዜ ግን አልተግባቡም። ለዚህ ነው የምጽፍልህ።

1. በ6ኛውና በ8ኛው ምክር ከምነግርህ በቀር፣ በመብራትህ ከ«እዚህ ነኝ» ሌላ መልእክት አትላክ።

አንዴ ብልጭ ያለ መብራት በእኛ መንገድ ምን ያህል ነገር እንደሚባልበት ልብ በል። «እለፍ፣ ቅድሚያ ሰጥቼሃለሁ» ይባልበታል። «ቁም፣ እኔ እየመጣሁ ነው» ይባልበታል። «ረጅም መብራትህን ቀንስ»፣ «ከፊት ትራፊክ አለ»፣ «ከብት ገብቷል»፣ «በርህ አልተዘጋም»፣ አንዳንዴም ሰላምታ ብቻ ነው። ከእነዚህ ውስጥ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ተቃራኒ ናቸው፤ አንድ ዓይነት ብልጭታ ግን ሁለቱንም ይናገራል። ጠባብ ድልድይ ላይ ከወዲህና ከወዲያ የመጡ ሁለት ሹፌሮች እኩል ብልጭ ቢያደርጉ፣ እያንዳንዱ «ቅድሚያ ተሰጠኝ» ብሎ ሊገባ ይችላል።

ሌላውም አገር ቢሆን ከዚህ አላመለጠም። የእንግሊዝ የመንገድ ደንብ በ110ኛው ቁጥር፣ መብራት ብልጭ የሚደረገው መኖርህን ለማሳወቅ ብቻ እንደሆነ፣ ሌላ መልእክት እንደማይላክበትና ሰው እንደማይስፈራራበት ይደነግጋል። በ111ኛው ደግሞ ሌላው ሲያበራልህ «እለፍ አለኝ» ብለህ እንዳትደመድም ይመክራል። በጀርመን ከከተማ ውጭ «ልቀድምህ ነው» ለማለት ይፈቀዳል። በባሕረ ሰላጤው አገሮች አውራ ጎዳና ላይ ከኋላህ ተጠግቶ የሚያበራብህ «ልቀቅልኝ» እያለህ ነው። በየአገሩ ትርጉሙ እንዲህ ከተለያየ፣ ሐላባ ገበያ ላይ ከፊትህ የቆመው ሹፌር በየትኛው እንደተረጎመልህ ማወቂያ የለህም። «እዚህ ነኝ» ብቻ ግን በሁሉም ዘንድ ያስኬዳል።

2. በቀንም አብርተህ ንዳ።

ሕንድ ከ2017 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የሚሸጡ አዳዲስ ሞተሮች ሞተሩ ሲነሳ መብራታቸው አብሮ እንዲበራ በሕግ አስገድዳለች። እኛ ዘንድ የሚገቡት ባጃጅና ቲቪኤስ የዚያው አገር ሥሪት ስለሆኑ፣ ከአዳዲሶቹ መካከል የመብራት ማጥፊያ የሌላቸው አሉ። ባትሪ ይጨርሳል ብለው ሽቦውን የሚያስቆርጡ ልጆች አይቻለሁ፤ አንተ እንዳታደርገው። ፊት ለፊት የምትመጣ ሞተር ቀጭን ናት፤ ከሩቅ ሲያዩአት የቆመች ትመስላለች፣ ድንገት ነው የምታድገው። ከመጋቢ መንገድ የሚወጣ ሹፌር ዓይኑ አንተ ላይ አርፎ እንኳ ሳያይህ የሚገባው ለዚህ ነው። የበራ መብራት ፍጥነትህን አይነግረውም፤ መኖርህን ግን ይነግረዋል።

3. ማንም ብልጭ ቢያደርግልህ፣ መንገዱን በራስህ ዓይን ሳታይ አትግባ።

ከሁሉ ይልቅ ይህን ያዝልኝ። ወደ ግራ ልትታጠፍ መሐል መንገድ ቆመሃል እንበል። ከፊትህ የሚመጣ ሲኖትራክ ያዝንልህና ፍጥነቱን ቀንሶ ብልጭ ያደርግልሃል። ሰውዬው ቅን ነው፤ ከልቡ ነው የጋበዘህ። ነገር ግን የእሱ መኪና ግድግዳ ሆኖ ከኋላው ያለውን ሁሉ ከልሎሃል። የቸኮለ ሚኒባስ «ይሄ ደግሞ ምን ቆመ» ብሎ በጎኑ ሊያልፈው ሲወጣ አንተ መሐል ነህ። ሲኖትራኩ የሰጠህ የራሱን ቅድሚያ ነው፤ የሚኒባሱን ሊሰጥህ አይችልም።

ዳገት ላይ የሚጎተት ከባድ መኪናም እንዲሁ ነው። ሹፌሩ በፍሬቻ ወይም በእጁ «እለፍ» ቢልህ፣ እሱ የሚለካው በመኪናው ጉልበትና በሚያየው መንገድ ነው። የአንተን ማርሽ፣ ከኋላህ ያፈናጠጥከውን ሰው፣ የጫንከውን ኩንታል አያውቅም። አመስግነው፣ ኩርባው እስኪገለጥልህ ግን ከኋላው ቆይ። ከኋላህ ያሉት በክላክስ ቢያንባርቁም ቆይ።

4. እግረኛን በመብራት አትጥራ።

ሕፃን ልጅ ብልጭታህን «ና ተሻገር» ነው ብሎ ይሮጣል፤ በሌላው መስመር የሚመጣውን አንተም እሱም አታዩትም። ማሳለፍ ከፈለግህ ፍጥነትህን ቀንሰህ ቁም። መቆምህን አይቶ፣ ግራ ቀኙን ራሱ ተመልክቶ ይሻገራል።

5. ስትቀድም ብልጭታህ አጭር ይሁን፣ እጅህም ፍሬን ላይ ይሁን።

በግራ እጅህ አመልካች ጣት የምትጎትታት ቁልፍ ለዚህ የተሠራች ናት። ሁለት ጊዜ አጠር አጠር አድርገህ ጎትት። አብርተህ አትተወው፤ ስፖኪዮው ውስጥ ተቀምጦ የሚቆይ ረጅም መብራት የሰውን ዓይን ይወጋል፣ ያናድዳልም፣ የተናደደ ሹፌር ደግሞ አያሳልፍም። የሹፌሩን ፊት በስፖኪዮው ካላየኸው እሱም አያይህም፤ ስለዚህ ከማብራትህ በፊት ቦታህን አስተካክል። ቀን ላይ ፀሐይ ብልጭታህን ትውጠዋለች፤ ክላክስ ጨምርበት።

ከዚያ ሒሳቡን አስላ። አንተ በ60 ኪሎ ሜትር፣ ከፊት የሚመጣው አይሱዙ በ80 ቢነዳ፣ በመካከላችሁ ያለው ርቀት በየሰከንዱ ወደ 39 ሜትር ይቀንሳል። ብልጭ አድርገህ መልስ ስትጠብቅ የምታጠፋት ሁለት ሰከንድ ወደ 80 ሜትር ትጠጋለች። ስለዚህ አደጋ ከፊትህ ሲመጣ በመብራት ልትከራከር አትሞክር። የቀኝ እጅህ ፍሬን መጀመሪያ፣ ማርሽ ቀጥሎ፣ መብራት ጊዜ ከተረፈ።

6. ማታ ረጅም መብራት የበራብህን ሰው አትበቀለው።

አንዴ ብልጭ አድርገህ አስታውሰው። ካልቀነሰ ተወው። አንተም መልሰህ ረጅሙን ብትለቅበት ሁለት የታወሩ ሰዎች በአንድ ጠባብ መንገድ ላይ ተላለፉ ማለት ነው፤ ከሁለቱ የሚሰበረው ደግሞ አንተ ነህ። ዓይንህን ከመብራቱ ወደ ቀኝ የመንገዱ ጠርዝ መልስ፣ ፍጥነትህንም ቀንስ፤ እሱ ካለፈ በኋላም ዓይንህ ጨለማውን እስኪለምድ ሰከንዶች ይወስዳል። እነዚያን ሰከንዶች ሐላባ አካባቢ አስባቸው። መብራት የሌለው የአህያ ጋሪ፣ ከገበያ ዘግይቶ የሚመለስ ሰው፣ አስፋልት ላይ የተኛ በሬ። ከብት በብልጭታ አይነሳም፤ እንዲያውም ደንዝዞ ይቆማል። ቀስ ብለህ ዙረው።

ሌላም ነገር አለ። ከሩቅ አንድ መብራት ሲመጣ «እንደኔው ሞተር ነው» ብለህ አትገምት። አንድ ዓይኑ የጠፋ አይሱዙ ሊሆን ይችላል፤ የጠፋው የግራው ከሆነ ደግሞ የመኪናው ግማሽ አካል አንተ ባዶ ነው ባልከው ጨለማ ውስጥ ነው። ነጠላ መብራት ባየህ ቁጥር ወደ ቀኝህ ተጠጋ።

7. ጉም ውስጥ አጭሩን ብቻ።

የጣርማበርን ተራራ በጉም የተሻገረ ያውቀዋል። ረጅሙ መብራት ጉሙ ላይ ተመልሶ ነጭ መጋረጃ ይሠራብሃል።

8. ትራፊክ ፖሊስ እንዳለ ለማስጠንቀቅ አታብራ፤ አደጋ እንዳለ ለማስጠንቀቅ ግን አትስነፍ።

በዚህ ብዙ ወዳጆቼ አይስማሙም። «ደሃ ሹፌር ለምን ይቀጣ» ይሉኛል። ነገር ግን የምታስጠነቅቀው ማንን እንደሆነ አታውቅም። ሌሊቱን ሙሉ ሳይተኛ በጫት የሚነዳ ሊሆን ይችላል፤ በአሥራ ሁለት ሰው መቀመጫ ሃያ የጫነ ሊሆን ይችላል። ያንን ሰው ከፖሊሱ ታሳልፈውና ቀጣዩ ትምህርት ቤት በር ላይ በሙሉ ፍጥነት ይደርሳል። እኔ ለእንዲህ ያለው መብራቴን አላውስም።

ኩርባ ላይ የተበላሸ መኪና፣ የተንሸራተተ አፈር፣ የተገለበጠ ጭነት ካለፍክ ግን ከፊት ለሚመጣው ሁሉ ንገር። የአገራችን ሹፌር መኪናው ሲበላሽ ከኋላው ድንጋይ ይደረድራል፤ ተጠግኖ ሲሄድ ድንጋዩን እዚያው ይተወዋል። ለሞተር ከዚህ የባሰ ወጥመድ የለም። ብልጭታው ብቻውን ግን ምኑንም አይነግርም፤ ስለዚህ ፍጥነትህን ቀንሰህ፣ ብልጭ አድርገህ፣ ቀን ከሆነ ግራ እጅህን ዘርግተህ መዳፍህን ወደ መሬት ዝቅ ዝቅ አድርግ። «ቀስ በል» መሆኑን የማይረዳ ሹፌር አላጋጠመኝም። ከቻልክ ደግሞ ከመንገዱ ወጥተህ አቁምና ድንጋዩን አንሳ።

9. ሰው ስታፈናጥጥ የመብራትህን አቅጣጫ አስተካክል።

ያለ ምክንያት ሁሉም የሚያበራብህ ከመሰለህ፣ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ይህ ነው። ሰው ወይም ጭነት ከኋላ ሲሆን የሞተሩ ኋላ ይሰጥማል፣ ፊቱ ይነሳል፤ አጭሩ መብራትህ ለሌላው ረጅም ይሆንበታል። ማታ ሜዳ ቦታ ላይ ከግድግዳ አምስት ሜትር ያህል ርቀህ አቁም። የምታፈናጥጠው ሰው ይቀመጥ፤ አንተም ተቀመጥ። የአጭሩ መብራት ድምቀት ግድግዳው ላይ ከመብራቱ ቁመት ትንሽ ዝቅ ብሎ ማረፍ አለበት። ከፍ ካለ የመብራቱን ብሎን አላልተህ ወደ ታች አዘንብለውና አጥብቀው። በየሱቁ የሚሸጠውን ሰማያዊ አምፖል ለዚያ መስታወት ካልተሠራ አታስገባ፤ ብርሃኑን ይበትነዋል እንጂ አያርቅልህም። የቆዩት ትንንሽ ሞተሮች መብራታቸው ሞተሩ ቀስ ብሎ ሲሠራ ይደክማል፤ መስቀለኛ መንገድ ላይ ቆመህ መታየት ስትፈልግ ነዳጅ ትንሽ ስጠው። ጭነቱን ስታወርድም ብሎኑን ወደ ቀድሞው መልሰው፤ አለዚያ ብርሃኑ ከጎማህ ፊት ብቻ ይወድቅና ማታ ብቻህን ስትመለስ መንገዱ ያጥርብሃል።