ዝነኛ ጀግና ሁሉ መጫወቻ የማይሆነው ለምንድን ነው?

ለአስመጪዎችና ለባለሱቆች የቀረበ ትምህርት

በቂርቆስ ክፍለ ከተማ የልጆች ዕቃ በሚሸጥበት ሱቅ ደጃፍ ቆም ብሎ የሚመለከት ሰው አንድ ነገር ሳያስተውል አያልፍም። ስፓይደርማንና ባትማን በቦርሳው፣ በጫማውና በፕላስቲክ መጫወቻው ላይ ሁሉ ተሥለው ሲታዩ፣ ልጆች በስም ለይተው የሚያውቋቸው ሌሎች ልዕለ ጀግኖች ግን እምብዛም አይገኙም። ደንበኛው «የዚያኛውስ የለህም?» ብሎ ሲጠይቅ፣ ባለሱቁ «እሱ አይመጣም» ከማለት በቀር ሌላ መልስ የለውም። የማይመጣበትን ምክንያት መርምሮ ያወቀ ነጋዴ ግን ገንዘቡን በምን ላይ እንደሚያውል ለመወሰን ይረዳዋል።

ጉዳዩ ለጊዜው ተራ ቢመስልም ዛሬ የሚያሳስብ ሆኗል። በ2017 ዓ.ም. በካዛንቺስ በተካሄደው የኮሪደርና የመልሶ ማልማት ሥራ ምክንያት ከቦታቸው ተነሥተው በሌላ ሰፈር እንደ ገና ንግድ የጀመሩ ሰዎች፣ አዲሱን መደርደሪያ በምን እንደሚሞሉት ማሰባቸው አይቀርም። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህም የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ የሚወሰን ስለ ሆነ፣ ሳይሸጥ የተቀመጠ የውጭ አገር ዕቃ ከቀድሞው የበለጠ ብር አስሮ ይይዛል።

1ኛ. ስሙ ሌላ፣ ዕቃው ሌላ

ቡና ላኪዎቻችን ይህን ነገር ከሁሉ አስቀድመው የተረዱት ናቸው። መንግሥታችን ሲዳሞ፣ ሐረርና ይርጋጨፌ የተባሉት ስሞች በአሜሪካ የንግድ ምልክት ሆነው እንዲመዘገቡ እ.ኤ.አ. በ2005 ባመለከተ ጊዜ ብዙ ክርክር ተነሥቶ፣ በመጨረሻ በ2007 ከስታርባክስ ኩባንያ ጋር ስምምነት ተፈረመ። ከዚህ የምንማረው፣ ፍሬው ተሸጦ ካለቀ በኋላም ስሙ ራሱን የቻለ ሀብት ሆኖ የሚቀር መሆኑን ነው።

የጀግና መልክና ስምም እንዲሁ ነው። ፋብሪካው መጫወቻውን የሚሠራው ከባለቤቱ ፈቃድ ተከራይቶ ነው። ከሚሸጠው ዕቃ ሁሉ ሮያሊቲ የተባለውን ድርሻ ይከፍላል፤ ብዙውን ጊዜም ዕቃው ቢሸጥም ባይሸጥም የማይቀር ዝቅተኛ ክፍያ በውል ይገባል። ስለዚህ ፋብሪካው የሚያስበው «ጀግናው ታውቋልን?» ብሎ ብቻ አይደለም፤ «ኪራዩን የሚመልስልኝ ስንት ሳጥን ቢሸጥ ነው?» ብሎ ያሰላል።

2ኛ. ሀብቱ በሁለት እጅ ሲከፈል

እ.ኤ.አ. በ2015 «ፋንታስቲክ ፎር» የተባለው ፊልም ሲወጣ፣ የፊልሙ መብት በ20ኛው ሴንቸሪ ፎክስ እጅ ነበር። የጀግኖቹ ባለቤት ማርቭል ግን ከ2009 ጀምሮ የፎክስ ተፎካካሪ የሆነው የዲዝኒ ንብረት ነበር። መጫወቻ ለፊልም ማስታወቂያ ነውና፣ የተፎካካሪን ፊልም በመጫወቻ ለማድመቅ የሚቸኩል ነጋዴ የለም። ለዚያ ፊልም የወጣው መጫወቻ እጅግ ጥቂት ነበር። ማንም በጋራ መሬት ላይ ቤት ለመሥራት እንደሚያመነታ፣ መብቱ የተከፈለ ጀግናም ሠሪ ያጣል።

3ኛ. ትእዛዙ ከዝናው ይቀድማል

«ብላክ ፓንተር» የተባለው፣ ዋካንዳ በምትባል ልብ ወለድ የአፍሪካ አገር የተመሠረተው ፊልም እ.ኤ.አ. በ2018 ወጥቶ ከ1.3 ቢሊዮን ዶላር በላይ አስገባ። ሌጎ ለዚህ ፊልም ያዘጋጀው ግን 2 ሳጥን ብቻ ነበር። በዚያው ዓመት ለወጣው «አቬንጀርስ፦ ኢንፊኒቲ ዋር» ያዘጋጀው 6 ነው። መጫወቻ የሚነደፈውና የሚታዘዘው ፊልሙ ከመታየቱ ብዙ ወራት አስቀድሞ ስለ ሆነ፣ ፋብሪካው የሚመዝነው የወደፊቱን ዝና ሳይሆን ያለፈውን ሽያጭ ነው። አዲስ ጀግና በዚህ ሚዛን ሁልጊዜ ይቀልላል።

4ኛ. የገዥው ግምት

አንዳንድ ጊዜም ምክንያቱ ከሒሳብ ይልቅ ልማድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 በወጣው የአቬንጀርስ ፊልም ከአውሮፕላን በሞተር ብስክሌት የምትወርደው ብላክ ዊዶ የተባለችው ሴት ስትሆን፣ በመጫወቻው ላይ ግን በእርሷ ፈንታ ካፒቴን አሜሪካ ተቀመጠ። «የሴት ጀግና መጫወቻ አይሸጥም» የሚለው ግምት ዕቃው እንዳይሠራ ያደርጋል፤ ዕቃው ስላልተሠራም አልተሸጠም፤ ስላልተሸጠም ግምቱ እውነት መስሎ ይኖራል። እኛም በመደርደሪያችን ይህንኑ ስሕተት እንዳንደግም፣ ደንበኛ ጠይቆ ያጣውን ዕቃ በደብተር መዝግቦ መያዝ ይጠቅማል።

5ኛ. የሞልድ ዋጋ

የፕላስቲክ መጫወቻ የሚወጣው ከብረት በተቀረጸ ሞልድ ነው። ለምሳሌ ያህል አንድ ሞልድ 1,000,000 ብር ቢፈጅ እንበል። ከእርሱ 1,000 መጫወቻ ብቻ ቢወጣ እያንዳንዱ 1,000 ብር የሞልድ ወጪ ይሸከማል፤ 50,000 ቢወጣ ግን 20 ብር ብቻ ይደርሰዋል። ገበያው ጠባብ የሆነ ጀግና ምንም ቢወደድ ይህን ሸክም አይችልም።

ስለ አገራችን ጀግኖች

ይህ ሁሉ ወደ ቤታችን የሚመልሰን ነው። በስራት ደበበ የመሠረተው ኢታን ኮሚክስ እ.ኤ.አ. በ2018 «ጀምበር» የተባለውን የልዕለ ጀግና ሥዕላዊ መጽሐፍ በአማርኛና በእንግሊዝኛ አሳተመ፤ በ2019 ደግሞ «ሀዊ» የተባለችውን ሴት ጀግና አስከተለ። «ፀሐይ መማር ትወዳለች» በሚለው የልጆች ፕሮግራም የምትታወቀው የብሩክታዊት ጥጋቡ ዊዝ ኪድስ ወርክሾፕም «ጥበብ ገርልስ» የተባሉትን ሦስት ልጃገረዶች ፈጥሯል። ታዲያ እነዚህን ከስፓይደርማን ጎን በመደርደሪያ ማየት ገና አልተለመደም። ምክንያቱም ከላይ የተዘረዘረው ነው እንጂ ልጆቻችን የራሳቸውን ጀግና ስለማይወዱ አይደለም።

እንግዲህ መንገዱ በወረቀትና በጨርቅ መጀመር ነው። የደብተር ሽፋን፣ የተቆራረጠ የካርቶን ሥዕል መገጣጠሚያ፣ ካናቴራና የትምህርት ቤት ቦርሳ ሞልድ አያስፈልጋቸውም፤ በጥቂት ቁጥርም ታትመው ገበያውን መፈተን ይቻላል። የትምህርት ቤት መክፈቻ ለዚህ የተመቸ ወቅት ነው። ሆኖም ሥዕሉን ያለ ባለቤቱ ፈቃድ ማተም አይገባም። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ሥዕሉ ከተሠራበት ጊዜ ጀምሮ ይጠብቀዋል። በንግድ ምልክት ምዝገባና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 501/1998 መሠረት ደግሞ የንግድ ምልክት ባለቤትነት የሚገኘው በምዝገባ ነው፤ ምዝገባውም ለ7 ዓመት ጸንቶ ሊታደስ ይችላል። አስመስሎ የተሠራ ዕቃ የሚያስገባ ነጋዴ ዛሬ ባይያዝ ነገ በጉምሩክ ሊያዝበት እንደሚችል ማወቅ አለበት።

ማጠቃለያ

ነጋዴው ከማዘዙ በፊት አራት ነገር ይጠይቅ። የስሙ ባለቤት ማን ነው? ላኪው ፈቃድ ያለው መሆኑን በጽሑፍ ያሳያልን? ፊልሙ ከገበያ ሲወጣ ዕቃው የሚሸጥ ነውን? በሱቄ በእውነት የሚጠየቀውስ የትኛው ጀግና ነው? የመጨረሻውን ጥያቄ የውጭ አገር ፋብሪካ ሊመልሰው አይችልም፤ ከልጆቹ ጋር በየቀኑ የሚገናኘው ባለሱቅ ግን መልሱ በእጁ ነው። ያንን መልስ ይዞ ከአገር ውስጥ የሥዕል ባለቤት ጋር ለመዋዋል የሚደፍር ነጋዴ ከተገኘ፣ «እሱ አይመጣም» ይባል የነበረው ዕቃ ከሩቅ አገር ሳይጠበቅ እዚሁ ከከተማችን ማተሚያ ቤት ይወጣል።