የእንጨት ጀልባ ልትገዛ ላሰብከው ልጄ

አሮጌ የእንጨት ጀልባ ከነሞተሯ ልትገዛ ማሰብህን ሰምቼ ደስ ብሎኛል። ሲያትል ውስጥ የኛ ሰው ብዙ ነው፤ ሌክ ዋሽንግተንን ግን አብዛኞቻችን የምናውቀው በመኪና ድልድዩን ስናቋርጥ ነው። ገንዘብህን ከማውጣትህ በፊት የማውቀውን ልንገርህ። ከሁሉም በላይ ይህን ያዝ፦ እንዲህ ያለችውን ጀልባ ሐይቁ አይገድላትም። የሚገድላት ዝናብና ሥራ ፈቶ መቆም ነው።

1. ትንሿን ግዛ። 12 ወይም 14 ጫማ ይበቃሃል። "በነፃ ውሰዳት" የሚሉህን ትልቋን ተዋት፤ ነፃ የሆነው ግዢው ብቻ ነው። ከዚያም በፊት ሌክ ዩኒየን ደቡብ ዳርቻ ያለው ሴንተር ፎር ውደን ቦትስ ሄደህ የቆዩትን ጀልባዎች በእጅህ ዳስስ፣ ተከራይተህም ቅዘፍ።

2. ልታይ ስትሄድ ካቻቪቴ ያዝ። ሻጩን አስፈቅድና ቀለሙ ባበጠበት ሁሉ በጫፉ ጫን ጫን አድርግ። ጤነኛ እንጨት አያስገባህም፤ የበሰበሰው ይሰረጉዳል። መጀመሪያ ሞተሩ የሚታሰርበትን የኋላ ሳንቃ፣ በተለይ የታች ማዕዘኖቹን እይ። ቀጥሎ የአፍንጫዋን ውስጠኛ ጥግ፣ ከዚያ የመቀመጫዎቹን ጫፍ ሥር ተመልከት፤ የዝናብ ውኃ የሚቋጠረው እዚያ ነው። በካቻቪቴው እጀታ ከዳር እስከ ዳር እያንኳኳህ ስማ፤ ደህናው ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፣ የሞተው ድፍን ያለ ነው። የጎድን አጥንቶቿንም አንድ በአንድ ዳብስ፤ ብዙውን ጊዜ የሚሰነጠቁት በሚታጠፉበት ቦታ ነው። ምስማሮቹ የመዳብ ወይም የነሐስ ከሆኑ እሰየው። የብረት ሆነው ዙሪያቸው እንጨቱ ከጠቆረና ዝገት ከወረደ ግን ዋጋዋ ምንም ቢረክስ ትተሃት ተመለስ። አንድ ሁለት የተሰበረ አጥንት ይቀየራል፤ ምስማሯ ሁሉ የዛገ ጀልባ ግን እንደ አዲስ መሠራት ነው የሚያስፈልጋት።

3. ሰው የባሕር ጨው እንጨት የሚበላ ይመስለዋል። ነገሩ ተቃራኒው ነው። እንጨት የሚያበሰብሰው ፈንገስ የሚመቸው ጨው የሌለው እርጥበት ነው፤ የጥንት መርከብ ሠሪዎች በአጥንቶቹ መካከል ጨው ይጠቀጥቁ የነበረው ለዚህ ነው። በባሕር ውስጥ እንጨት የሚቦረቡር ትል መኖሩ እውነት ነው፤ አንተ ግን ጀልባህን ባሕር ላይ ስለማታከርም አያገኝህም። የሲያትል ዝናብ ነው ጠላትህ። መሃል ለመሃል ረጅም እንጨት አጋድመህ ሸራውን እንደ ድንኳን ወጥርላት፤ ውኃው በሁለት ጎን ይውረድ፣ ፊትና ኋላዋ ግን ክፍት ሆኖ ነፋስ ይግባባት። በላስቲክ ጥብቅ አድርገህ አትጠቅልላት።

4. ደርቃ የከረመች ጀልባ የመጀመሪያውን ቀን ታፈሳለች። አትደንግጥ። ሳንቃው ውኃ ጠጥቶ ሲያብጥ ክፍተቱ ራሱ ይዘጋል። ሐይቁ ዳር፣ ጥልቀት የሌለው ቦታ አስረህ ፖምፓ አዘጋጅተህ አሳድራት። በደረቅነቷ ክፍተቱን በጠንካራ ማጣበቂያ ከደፈንከው ሳንቃው ሲያብጥ መሄጃ ያጣና ምስማሩን ይነቅላል፣ አጥንቱንም ይሰብራል። "ፋይበርግላስ አልብሳት" የሚልህንም አትስማ፤ እርጥበቱ ውስጥ ታፍኖ እንጨቱ ሳታየው ያልቃል።

5. ቫርኒሽ ዓይን ይማርካል፣ ፀሐይ ግን ቶሎ ይበላዋል። አካሏን በዘይት ቀለም ቀባ፤ ቫርኒሹን ለመቀመጫና ለጠርዟ ተወው። የተላጠ ቦታ ካየህ ሳይቃጠል በቅጠል ነው፣ በዚያው ሳምንት ቀባው።

6. አሁን ወደ ሞተሩ እንለፍ። ኦሌ ኤቪንሩድ የተባለው የኖርዌይ ተወላጅ ሚልዋኪ ላይ ከጀልባ ኋላ የሚታሰር ሞተሩን ለገበያ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1909 ነው። ለጀማሪ የምመርጠው ግን የ1950ዎቹን የጆንሰን ወይም የኤቪንሩድ ሞተር ነው፣ 5.5 ወይም 10 የፈረስ ጉልበት ያለውን። ሁለቱም ያኔ በአንድ ኩባንያ ሥር ስለነበሩ ብዙ ዕቃቸው ይወራረሳል። የኤቪንሩድ ሞተር መመረቱ በ2020 ቢቆምም ቦቢናው፣ ፑንቲናው፣ የውኃ ፖምፓው ጎማ ዛሬም አዲሱ ይገኛል። አዲስ አበባ ጋራዥ ውስጥ ቮልስ ሲጠግን ለኖረ ሰው ይህ ሞተር ባዳ አይሆንበትም፤ እንዲህ ያለ አጎት ካለህ ጥራው።

7. የቆመ ሞተር ስታገኝ ገመዱን ለመሳብ አትቸኩል። ካንዴላዎቹን ፍታ፣ በቀዳዳቸው ትንሽ ዘይት አንጠብጥብ፣ ከዚያ በእጅህ ቀስ ብለህ አዙረው። ከዞረ ብልጭታውን ፈትን፤ 6 ሚሊ ሜትር ያህል መዝለል አለበት። ካልዘለለ ከላይ ያለውን የሚሽከረከር መንኮራኩር አንሣ። በዚያ ዘመን ሞተሮች የቦቢናው ሽፋን መሰንጠቁ የታወቀ በሽታ ነው። ፑንቲናውን አጽዳና ክፍተቱን በ0.020 ኢንች፣ ማለትም በግማሽ ሚሊ ሜትር፣ አስተካክል። ካርቡራቶሩን ፈትተህ እጠብ። የፖምፓውን ጎማ ደግሞ ደህና ቢመስልህም ቀይረው፤ ውኃ ያልሳበ ሞተር ይቃጠላል። በውኃ የተሞላ በርሜል ውስጥ እንጂ በደረቁ ለአፍታም አታስነሣው። ከእነዚህ አሮጌ ሞተሮች ብዙዎቹ እንደ አዲሶቹ ውኃ በቀጭኑ ሲተፉ አይታዩም፤ ውኃው ከጭሱ ጋር ከእግሩ በስተኋላ ይረጫል። ስለዚህ ጥቂት ከሠራ በኋላ መዳፍህን ቴስታታው ላይ አድርግ። ሞቆ ግን የሚቻል ከሆነ ውኃው ደርሷል፤ እጅህን ወዲያው ካስነሣህ አጥፋው።

8. ዘይቱ ከቤንዚኑ ጋር ነው የሚቀላቀለው። ለ1950ዎቹ ሞተር 24 እጅ ቤንዚን ለአንድ እጅ ዘይት፣ ለአንድ ጋሎን 160 ሚሊ ሊትር ያህል ማለት ነው። ባለ 50 ለ 1 ቅልቅል ከ1964 ወዲህ ለመጡት እንጂ ለእነዚህ አይሆንም። ኤታኖል የሌለበትን ቤንዚን ፈልግ። ባለ ሁለት ቱቦ ታንክ ከገጠመህ ተጠንቀቅ፦ ሞተሩ አየር እየላከ ታንኩን በግፊት ይሞላዋል፤ ቱቦው የተሰነጠቀ ከሆነ ቤንዚን ይረጫል። ቱቦውን ቀይር፤ ክዳኑንም ስትከፍት ግፊቱን ቀስ ብለህ አስተንፍስ።

9. ብርዱ ሳይገባ የታችኛውን የማርሽ ዘይት አፍስስ። ነጭቶ ወተት ከመሰለ ውኃ ገብቶበታል፤ ውርጭ ሲመጣ ያ ውኃ በረዶ ሆኖ የማርሹን ቤት ይሰነጥቀዋል። ውኃ የሚያግደውን የጎማ ቀለበት ቀይርና አዲስ ዘይት ሙላ። ባላርድ ላይ ያለውን የጀልባ ማሳለፊያ የውኃ በር አልፈህ ወደ ፒውጄት ሳውንድ ጨዋማ ውኃ ከገባህ፣ በዚያው ቀን ሞተሩን በንጹሕ ውኃ በርሜል ውስጥ አሠራው።

10. በዋሽንግተን ግዛት የጀልባ ትምህርት ካርድ የሚጠየቀው ከ15 የፈረስ ጉልበት ጀምሮ ነው፤ አንተ ባትጠየቅም ትምህርቱን ውሰድ። የፒውጄት ሳውንድ ውኃ 10 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ዋናተኛም ቢሆን ብርዱ በደቂቃዎች ውስጥ እጁን ያደነዝዘዋል። የመንሳፈፊያ ጃኬቱን መቀመጫ ሥር አታስቀምጠው፣ ልበሰው። መቅዘፊያ አይለይህ። የት እንደምትሄድና በስንት ሰዓት እንደምትመለስ ለእናትህ ሳትነግር አትውጣ።