ታላቅ እኅት ስታረጅ

ጥያቄ፦ ከየካ ሚካኤል ግርጌ ያደግን ስድስት እኅትማማቾች ነን። ወላጆቻችን ሲያርፉ ታላቃችን ከእንጦጦ ጭራሮና የባሕር ዛፍ ቅጠል በጀርባዋ እያወረደች፣ ሳታገባ ሳትወልድ አሳደገችን። ዛሬ ወገቧ ጐብጦ መሥራት አቅቷታል፤ እርሷን መጦር የማን ግዴታ ነው?

መልስ፦ ጠያቂያችን ሆይ፣ በ1992 ዓ.ም. የወጣውና በአዲስ አበባ የሚሠራበት የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ በአንቀጽ 198 ቀለብ የመስጠትን ግዴታ በወላጅና በተወላጅ ብቻ ሳይወስን እስከ ወንድሞችና እኅቶች ስለሚያደርሰው፣ ባልም ልጅም ወላጅም የሌላት እኅታችሁ ችግረኛና ሠርታ ለማደር የማትችል ከሆነች እናንተን በዳኛ ፊት ለመጠየቅ መብት አላት፤ መጠኑም በእርሷ ችግርና በእናንተ አቅም ይመዘናል። ነገር ግን የሸክሙ ገመድ ትከሻዋን የላጠው እኅት ከችሎት ደጅ ከምትቆም፣ አምስታችሁ ተሰብስባችሁ ማን ገንዘብ፣ ማን እህል፣ ማን ጉልበት እንደሚያዋጣ በጽሑፍ ብትወስኑ ይሻላል። ገላዋን የምታጥባትና ሐኪም ቤት የምታመላልሳትም ድርሻዋን እንደ ከፈለች ይቈጠርላት፤ እኅቶች በበዙበት ቤት ቅሬታ የሚያድረው ብዙ ጊዜ በዚህ በማይታየው ድካም ነውና። የወላጆቻችሁ ቤት ገና ካልተከፈለና ኑዛዜ ከሌለ፣ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ልጆችን ሁሉ በእኩል ስለሚያወርስ፣ ስድስተኛው እጅ የራሷ ነው፤ እናንተ እንደ ሰጣችኋት ቀለብ አድርጋችሁ አትቍጠሩባት።