አንድ በርኖስ

«ለአምዱ አዘጋጅ፦ የምኖረው ዋሽንግተን አካባቢ ነው። ስለት ስላለብኝ ዘንድሮ ገናን ላሊበላ አከብራለሁ። ጭንቀቴ ሻንጣ ነው። ለሦስት ሳምንት ጉዞ 23 ኪሎ የሚይዙ ሁለት ሻንጣዎች አይበቁኝም፤ ሁልጊዜ ለትርፍ ኪሎ እከፍላለሁ። አምና ይዤ ከሄድኩት ልብስ ግማሹ ከነዋጋ ወረቀቱ ተመለሰ። ባለቤቴ ‹የምትሄጂው ለበረከት ነው ለሠርግ?› ይለኛል። ኃጢአት ይሆንብኝ ይሆን?»

ሻንጣ የከበዳት

እህቴ፣ ስንቅ መያዝ ኃጢአት ነው ብዬ አልፈርድብሽም። በእግሩ ላሊበላ የሚወርደው ገበሬም በሶና ቆሎውን ቋጥሮ ነው። ቅዱስ ጳውሎስ እንኳ ታስሮ ሳለ ጢሞቴዎስን ዕቃ አምጣልኝ ብሎታል፦ ጢሮአዳ የተወውን በርኖስና መጻሕፍቱን፣ ይልቁንም ብራናዎቹን። ክረምት እየመጣበት ነበር። ያን ሁሉ አገር የዞረ ሰው የጠየቀው ልብስ ግን አንድ ብቻ ነው።

ከነወረቀቱ የተመለሰውን ልብስ ስትገዢ ማንን አስበሽ ነበር? እኔ የምጠረጥረው «ከአሜሪካ መጥታ ያንኑ ደግማ ለበሰች» የሚለውን አፍ ነው። ሌላም አለ። ጌታ ሐዋርያቱን ሲልክ ሁለት እጀ ጠባብ የከለከላቸው፣ በእግዚአብሔርና በሚያሳድራቸው ሰው ላይ እንዲደገፉ ይመስለኛል። አንቺ ግን ማንንም ሳትጠይቂ የሚያኖርሽን ሁሉ ትጭኛለሽ። ብርድ ቢመታሽ ጋቢዋን ከትከሻዋ አውርዳ የምታለብስሽ አክስት የለችሽም? ያን ደስታ ለምን ትነፍጊያታለሽ?

ሻንጣሽን የምታዘጋጂው በጾመ ነቢያት ነው። ማዕድሽን ባጎደልሽበት ወር ሻንጣሽንም አጉድዪው። ላሊበላ ከፍታው ወደ 2,500 ሜትር ስለሚጠጋ ሌሊቱ ይበርዳል፤ ወፍራም ሹራብና ነጠላ ያዢ። በ11ዱም አብያተ ክርስቲያናት ደጃፍ ጫማ ይወልቃልና በቀላሉ የሚወልቅ አንድ ጫማና ወፍራም ካልሲ ይበቃሻል። አምስት ጫማ ይዘሽ ብትሄጂ የምትቆሚው በካልሲ ነው። ንጋት ላይ ካህናቱ በቤተ ማርያም ከላይና ከታች ሆነው «ቤዛ ኩሉ» እያሉ ሲያሸበሽቡ፣ በዚያ ሁሉ ነጭ ለባሽ መካከል ልብስሽን ለይቶ የሚያይ አይኖርም።

እንግዲህ አንዱን ሻንጣ ለራስሽ፣ ሁለተኛውን ለዘመድ አድርጊው። ወረቀታቸው ያልተቆረጠላቸውን ልብሶች በዘመዶችሽ ሻንጣ ውስጥ ክተቻቸው፤ ስትመለሺ ግን ይዘሻቸው አትምጪ።