የማነጻጸር ድርሰት፦ አስፈሪው ፊልምና ዳግመኛ ሥሪቱ

ሀ. መግቢያ

የማነጻጸር ድርሰት ሁለት ነገሮችን ጎን ለጎን አቁሞ አንድነታቸውንና ልዩነታቸውን ያሳያል። ይሁን እንጂ ሥራው በዚህ አያበቃም። የልዩነቱ ዝርዝር ወደ አንድ ፍርድ ካላደረሰ ድርሰቱ ጎደሎ ነው። የሚከተለውን ምንባብ በጥሞና አንብቡ፤ ጸሐፊው ከማነጻጸር ወደ መፍረድ የት ላይ እንደ ተሻገረም አስተውሉ።

ለ. ምንባብ

እ.ኤ.አ. በ1960 አልፍሬድ ሂችኮክ «ሳይኮ» የተባለውን ልብ አንጠልጣይ ፊልም ለሕዝብ አቀረበ። ታሪኩ የተወሰደው ሮበርት ብሎክ እ.ኤ.አ. በ1959 ካሳተመው ልብ ወለድ ነው። ማሪየን ክሬን የተባለች የቢሮ ሠራተኛ ባንክ እንድታስገባ የተሰጣትን 40,000 ዶላር ይዛ ትኮበልላለች። ሌሊቱን ለማሳለፍ ከዋናው መንገድ ወጣ ካለ ጭር ያለ ሞቴል ታርፋለች። በዚያም ተጸጽታ ለመመለስ ከወሰነች በኋላ ገላዋን ስትታጠብ በቢላዋ ተወግታ ትሞታለች።

ተመልካቹ እስከዚያች ሰዓት ድረስ ከ40 ደቂቃ በላይ ከማሪየን ጋር ተጉዟል፤ ስጋቷን ተካፍሏል፤ ጸጸቷንም አይቷል። ስለዚህ ሞቷ እንደሚያውቁት ሰው ሞት ይሰማዋል። ግድያው ራሱ አንድ ደቂቃ አይሞላም፤ ትዕይንቱን ለመቅረጽ ግን ሰባት ቀን ፈጅቷል። ቢላዋው ሲነሣና ሲወርድ ይታያል፤ ቁስሉ ግን አይታይም። ደም መስሎ የሚወርደው የቸኮላታ ሽሮፕ ነበር፤ ፊልሙ ጥቁርና ነጭ በመሆኑ ቀለሙ አላጋለጠውም። የቀረውን የሠሩት በርናርድ ኸርማን ለባለ አውታር መሣሪያዎች ብቻ የደረሰው ሙዚቃና የተመልካቹ የራሱ ሐሳብ ናቸው።

እ.ኤ.አ. በ1998 ጋስ ቫን ሳንት ይህንኑ ፊልም በቀለም ደግሞ ሠራው። የፊልም ጽሑፉ ያው ነው፤ ሙዚቃውም በአዲስ ቅንብር ያው የኸርማን ነው፤ ትዕይንቶቹም ከሞላ ጎደል አንድ በአንድ የተገለበጡ ናቸው። የተሰረቀው ገንዘብ እንደ ዘመኑ 400,000 ዶላር ሆነ። አብዛኞቹ ሃያሲያን ግን ፊልሙን አልወደዱትም። ምስጢሩ አስቀድሞ የታወቀ በመሆኑ ድንጋጤው ጠፋ፤ በጠፋውም ምትክ አዲስ ሐሳብ አልገባም።

ሌላ ምሳሌ እንመልከት። ጆን ካርፔንተር እ.ኤ.አ. በ1978 ባወጣው «ሃሎዊን» በተባለው ፊልም ገዳዩ ጭምብል የለበሰ ነው፤ ለምን እንደሚገድልም አይነገረንም። ሮብ ዞምቢ በአንጻሩ እ.ኤ.አ. በ2007 ባወጣው ዳግመኛ ሥሪት የገዳዩን የመከራ ልጅነት በሰፊው ተረከ፤ የጭካኔውንም ትዕይንት አበዛ። ይህ ሥሪት ግልባጭ አይደለም፤ «ሰው ክፉ ሆኖ ይወለዳል ወይስ ክፉ ይደረጋል?» የሚል ጥያቄ አንሥቷልና። ነገር ግን ምክንያቱ ሲገለጥ የማይታወቀው ነገር የሚፈጥረው ፍርሃት ይቀንሳል። ሟቾቹም ሲበዙ ማንነታቸው ይደበዝዛል።

እንግዲህ የደም ብዛት የፍርሃት መለኪያ አይደለም። ጭካኔን የሚያሳይ ፊልም ሊመዘን የሚገባው የሚሞተው ገጸ ባሕርይ በተመልካቹ ዘንድ ሰው ሆኖ በመቅረቱ ወይም ቁጥር ብቻ በመሆኑ ነው። የሌላውን ሞት ያለ ሐዘን ማየትን የለመደ ዓይን ከፍርሃትም የከበረ ነገር አጥቷል። ዳግመኛ ሥሪትም ከነባሩ ጋር በመመሳሰሉ ሳይሆን፥ በሚያነሣው አዲስ ጥያቄ ይመዘናል።

ሐ. የሰዋስው ማብራሪያ

1. «ግን» የሚለው መስተጻምር ብዙውን ጊዜ የሚነጻጸረውን ቃል ተከትሎ ይገባል። «ቁስሉ ግን አይታይም» በሚለው ውስጥ «ቁስሉ» ከ«ቢላዋው» ጋር ተነጻጽሯል።

2. በተደራጊ ግሥ የተነገረ ዓረፍተ ነገር አድራጊውን ሊሰውር ይችላል። «ማሪየን ተገደለች» ስንል ሟቿን እንጂ ገዳዩን አናውቅም። «ሰውየው ማሪየንን ገደላት» ስንል ግን አድራጊው ይገለጣል። የልብ አንጠልጣይ ታሪክ ደራሲ ምስጢሩን እስኪገልጥ ድረስ ተደራጊ ግሥን የሚመርጠው ስለዚህ ነው። እናንተም በምትጽፉበት ጊዜ አድራጊውን የምትሰውሩት በምክንያት ይሁን።

መ. መልመጃ

1. በምንባቡ ውስጥ ፍርዱ የሚጀምረው በየትኛው ዓረፍተ ነገር ነው? ለፍርዱ የቀረቡትን ሁለት ማስረጃዎች ጻፉ።

2. ከምንባቡ ሦስት ተደራጊ ግሦች አውጡና ወደ አድራጊ ለውጡ። ትርጉሙ ምን አገኘ? ምንስ አጣ?

3. ጸሐፊው ስለ እ.ኤ.አ. የ2007ቱ ሥሪት የሰጠውን ፍርድ ትቀበላላችሁን? ባትቀበሉ መቃወሚያችሁን በአንድ አንቀጽ አስረዱ።

4. በልጅነታችሁ የሰማችሁትን አንድ አስፈሪ ተረት በሁለት መንገድ ጻፉ፤ መጀመሪያ እንደ ሰማችሁት፥ ቀጥሎም አዲስ ጥያቄ እንዲያነሣ አድርጋችሁ። ከዚያም ሁለቱን በማነጻጸር የትኛው እንደሚበልጥ ፍረዱ።