የተጎዳን ተጫዋች ውል ማራዘም፦ ከምስለ ጨዋታ እስከ ክለብ ውሳኔ

የቤዝቦል ምስለ ጨዋታ በኮምፒውተር ፊት የተቀመጠውን ሰው የቡድን ሥራ አስኪያጅ ያደርገዋል። ኳስ ወርዋሪው ክርኑን ተጎድቶ ውሉ ሊያበቃ ጥቂት ወራት ሲቀሩት፣ ይራዘምለት ወይስ ይሰናበት የሚለውን መወሰን የእርሱ ፈንታ ነው። ቤዝቦል በደብረ ብርሃን ሜዳዎች እንግዳ ቢሆንም ጥያቄው እንግዳ አይደለም፤ በጀቱ የተወሰነ የሰሜን ሸዋ ክለብ የውድድር ዘመን ባበቃ ቁጥር ሊገጥመው የሚችል ነው። ይህ ጽሑፍ ውሳኔው በምን ዓይነት ስሌት ቢመራ እንደሚሻል ይመረምራል።

ለማራዘም የሚሟገቱ ሁሉ የሚጠቅሱት ስም ቶሚ ጆን ነው። የሎስ አንጀለስ ዶጀርሱ ኳስ ወርዋሪ እ.ኤ.አ. በ1974 የግራ ክርኑ ጅማት ተበጠሰ፤ ዶክተር ፍራንክ ጆብ ከቀኝ እጁ ጅማት ወስደው ተኩለት። በ1975 አንድም ጨዋታ አላደረገም። በ1976 ተመልሶ እስከ 1989 የተጫወተ ሲሆን፣ በዘመኑ ካስመዘገባቸው 288 ድሎች 164ቱ ከቀዶ ጥገናው በኋላ የተገኙ ናቸው። ይሁን እንጂ ታሪክ ስማቸውን የሚያነሳው የተመለሱትን ነው፤ ሳይመለሱ የቀሩት ከመዝገብ ስለሚወጡ አንድ ብሩህ ምሳሌ የመመለስን ዕድል አያሳይም።

ስሌቱን በግምታዊ አኃዝ መመልከት ይቻላል። አንድ ተከላካይ የጉልበቱ ጅማት ተበጥሶ ዘጠኝ ወር ከሜዳ ይርቃል እንበል። ደመወዙ በወር 30,000 ብር፣ ጤነኛ ሲሆን ለክለቡ የሚሰጠው ጥቅም ደግሞ በወር 50,000 ብር ይሁን። ክለቡ የሁለት ዓመት ውል ቢፈርምለት 720,000 ብር ይከፍላል፤ ተጫዋቹ ቢድን በቀሪዎቹ 15 ወራት 750,000 ብር የሚያወጣ አገልግሎት ይሰጣል። ስለዚህ ክለቡ እንዳይከስር የመዳን ዕድሉ ቢያንስ 96 በመቶ መሆን አለበት። ይህን ያህል እርግጠኛ የሚሆን ሐኪም አይገኝም።

ሁለተኛው መንገድ የሕክምናውን ጊዜ ከጨዋታው ጊዜ መለየት ነው። ለዚህ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ጥሩ መነሻ ይሆናል። አዋጁ በሥራ ላይ ለሚደርስ ጊዜያዊ ጉዳት ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ሙሉ ደመወዝ፣ ለቀጣዮቹ ሦስት ወራት ከ75 በመቶ ያላነሰ፣ ለሚከተሉት ስድስት ወራት ከ50 በመቶ ያላነሰ ክፍያ ይደነግጋል። ይኸው ልክ ለዘጠኙ ወራት ውል ቢወሰድ ወጪው 202,500 ብር ነው። ተጫዋቹ ሲድን በቀድሞ ደመወዙ ለ15 ወራት ቢቀጥል ክለቡ 300,000 ብር ትርፍ ያገኛል፤ ባይድን የሚያጣው ያንኑ 202,500 ብር ብቻ ነው። የሚፈለገው ዕድል ወደ 67.5 በመቶ ይወርዳል።

እዚህ ላይ ፍትሕ የሚነካ ጉዳይ አለ። የማራዘም መብት በክለቡ እጅ ብቻ ከሆነ፣ የዳነው ተጫዋች ሌላ ክለብ የተሻለ ቢያቀርብለት እንኳ ታስሮ ይቀራል። በፊፋ ዘንድ የሚታዩ የውል ክርክሮችም እንዲህ ያለውን የአንድ ወገን አንቀጽ፣ በተለይ ለተጫዋቹ ግልጽ ጥቅም ካልጨመረ፣ በጥርጣሬ ይመለከቱታል። ስለዚህ ጭማሪው አስቀድሞ በውሉ ቢሰፍር ይበጃል። ደመወዙ ወደ 33,000 ብር ቢያድግ የሚፈለገው ዕድል ወደ 79 በመቶ ገደማ ከፍ ይላል፤ ልዩነቱ የፍትሑ ዋጋ ነው፣ ውድም አይደለም።

የቀረው ዕድሉን መገመት ነው፤ ምስለ ጨዋታው ከእውነታው በእጅጉ የሚለየውም በዚህ ነው። ቀነኒሳ በቀለ በባት ጉዳት ምክንያት የ2010ን ውድድሮች አጥቶ፣ ነሐሴ 28 ቀን 2011 እ.ኤ.አ. በዴጉ የዓለም ሻምፒዮና 10,000 ሜትሩን አቋርጦ ወጣ። በዚያ ምሽት ውሉን የሚወስን ሰው ቢኖር ያሰናብተው ነበር። ከ19 ቀናት በኋላ ብራሰልስ ላይ በ26 ደቂቃ ከ43 ሰከንድ አሸነፈ፤ በ2019 ደግሞ በርሊን ላይ ማራቶንን በ2፡01፡41 ጨረሰ። አንድ ሙከራ፣ ያውም ከረጅም እረፍት በኋላ የመጀመሪያው፣ ደካማ ማስረጃ ነው።

ከዚህም የሚከብድ ነገር አለ። በኮምፒውተሩ ውስጥ የመዳን ዕድል አስቀድሞ ተቀምጧል፤ ሥራ አስኪያጁ ቢያራዝምም ባያራዝምም አይለወጥም። በእውነቱ ዓለም ግን ውሳኔው ራሱ ዕድሉን ይለውጠዋል። ውሉ ሳይራዘምለት ወደ አንኮበር ወይም ወደ ጫጫ ቤተሰቦቹ ዘንድ የተመለሰ ወጣት፣ ጉልበቱን ደረጃ በደረጃ የሚያጠናክርለት የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ለማግኘት ይቸገራል፤ ሥራ ፍለጋም ሳይድን ሸክም ሊያነሳ ይችላል። ክለቡ «አይድንም» ብሎ ሲያሰናብተው ግምቱን እውነት ያደርጋል፤ ከዚያም ባለመዳኑ ውሳኔው ትክክል የነበረ ይመስላል።

በመሆኑም በስሌቱ ውስጥ መግባት ያለበት ተጫዋቹ በክለቡ ክትትል ሥር ሆኖ የሚኖረው ዕድል ነው። ይህን ለመገመት ክለቦች ቢያንስ የጉዳቱን ዓይነትና ቀን፣ ሐኪሙ የገመተውን የመመለሻ ጊዜና ተጫዋቹ በእርግጥ ሙሉ ጨዋታ የተጫወተበትን ቀን፣ የተሰናበቱትንም ጨምሮ፣ በአንድ መዝገብ ሊይዙ ይገባል።